ባለቤቴ ያልጠገነው ነገር የለም፣ ውሾቻችን ያልከፈቱት በር የለም፦ በያጅ ልጥራ ወይስ ልታገሥ?

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፣ ታሪኩ ግን ስለሚረዝም ታገሱኝ።

ባለቤቴ እጀ ወርቅ ነው። የምንኖረው ኮተቤ ነው፣ ግቢ ያለው ቤት፣ ማድቤቱ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ጓሮ በኩል ያለ፣ ከተጋባን 9 ዓመት ሆነን በነዚህ 9 ዓመታት አንድም ቀን ለቧንቧ ሠራተኛ ወይ ለኤሌክትሪሻን ወይ ለአናጢ ብር ከፍለን አናውቅም። ሮቶው ሞልቶ ሲፈስ ጋላጃንቴውን፣ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋውን ተንሳፋፊ ማለቴ ነው፣ የሚቀይረው እሱ፣ ክረምት ሲገባ ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ ሚስማር የሚመታው እሱ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ሽቦ ሲበጠስ ሸክላውን ገልብጦ አዲሱን ሽቦ በቦዩ ውስጥ እያዞረ የሚያስገባው እሱ። ቅዳሜ ከሰዓት ካቻቢቴና ፒንሳውን ኪሱ ውስጥ ሸጉጦ ግቢውን ወዲያ ወዲህ ሲል ሳየው ደስ ይለኛል፣ ይሄን የምለው ለወግ አይደለም።

ችግሩ ውሾቹ ናቸው። ሁለት ናቸው። ቡቺ የሐበሻ ውሻ ናት፣ 6 ዓመቷ፣ ዝምተኛ፣ ነገር አዋቂ። ሮኪ የጀርመን ሸፐርድ ክልስ ነው፣ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው፣ ጉልበቱን የት እንደሚያደርገው የጠፋበት። ባለቤቴ ከኮምፔንሳቶ የውሻ ቤት ሠራላቸው፣ ጣሪያውን ላሜራ አልብሶ ቀለም ቀብቶ፣ በሳምንቱ ሮኪ ጎኑን ልጦ ልጦ መስኮት አወጣለት። አሁን ቤቱ በር እያለው ጭንቅላቱን በመስኮቱ አውጥቶ ነው የሚያድረው። ባለቤቴም ደፍኖት ደፍኖት ሲያቅተው መስኮቱን ዙሪያውን አለስልሶ እንጨት እንዳይወጋው ጠርዝ ሠራለት።

ዋናው ነገር ግን የማድቤቱ በር ነው። የብረት በር ነው፣ ወደ ውስጥ የሚከፈት። መጀመሪያ ተራ መቀርቀሪያ ነበረው፣ ቡቺ በአፍንጫዋ ገፍታ መክፈት ለመደች። ባለቤቴ እሱን አውጥቶ ረዥም እጀታ ያለው ቁልፍ ገጠመ፣ ሮኪ በኋላ እግሩ ቆሞ እጀታውን በመዳፉ ወደ ታች ይጫነዋል፣ ይከፈታል። በዓይኔ አይቻለሁ። ቡቺ ከኋላው ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፣ እሱ ሲከፍት እሷ ቀድማ ትገባለች።

ከዛ የፋሲካ ሌሊት መጣ። ዶሮውን ቅዳሜ ማታ ጨርሼ ድስቱ እንዲበርድ ማድቤቱ ወለል ላይ አስቀምጬ ክዳኑ ላይ ሙቀጫ ጭኜበት ቤተክርስቲያን ሄድን። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስንመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሙቀጫው አንድ ጥግ፣ ክዳኑ ጎመን መደቡ መሃል። ሮኪ እስከ ዓይኑ ድረስ በቁሌት ቀልቶ ጭራውን እየቆላ ሊቀበለን መጣ፣ ቡቺ ደግሞ ምንም እንደማታውቅ ቤቷ ገብታ ተኝታለች፣ ከንፈሯ ላይ ግን ወጥ አለ። በጭልፋ ቆጠርኩ። 12 ብልት የነበረው 9 ሆኗል፣ ከእንቁላሉ 4 የለም፣ ከጎደለው አንዱ ፈረሰኛው ነው። ሰውዬው 55 ቀን ጾሞ ፈረሰኛውን ውሻ በላበት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆመ፣ ከዛ ምን አደረገ መሰላችሁ፣ ነጭ ልብሱን እንደለበሰ የእጅ ባትሪውን አምጥቶ ተንበርክኮ የበሩን ቁልፍ መመርመር ጀመረ። የተረፈውን ወጥ ማን ይበላዋል፣ እናቴ ቤት ሄደን ፈሰክን።

በማግስቱ እጀታውን ገልብጦ ገጠመው፣ ወደ ላይ ካልተነሳ አይከፈትም። 4 ቀን ሠራ። በ5ኛው ቀን ሮኪ ከስር በአፍንጫው ማንሳት ቻለ።

አሁን ጎረቤቴ ጎበዝ በያጅ አለ ትለኛለች፣ ከላይ በኩል ወፍራም መቀርቀሪያ በይዶልሽ በግማሽ ቀን ይገላግልሻል ነው የምትለኝ። ባለቤቴ ደግሞ ገና አልጨረስኩም ይላል። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ እሱ ሥራ በዋለበት ቀን በያጁን ላስመጣ ወይስ ልታገሥ? በሩ መዘጋት አለበት፣ ግን እጁን የናቅኩበት እንዲመስለው ለሞቴም አልፈልግም።

አንድ ነገር ረሳሁ፣ እንጀራ በምጋግርበት ቀን ግን ሮኪ በሩ አጠገብ ድርሽ አይልም። አንዴ ተጠግቶ ጮሆ ነው የሸሸው። እንፋሎቱን ይሆናል የሚፈራው።

(ከጊዜ በኋላ የጨመርኩት፦ መልሱ በጣም ስለበዛና ዘግይቶ የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የተባለውን ደግሞ ስለሚጠይቅ፣ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ እዚሁ ከታች በራሴ አነጋገር አስቀምጬዋለሁ።)

1ኛ። መጀመሪያ የመለሰችው አንዲት የባሕር ዳር እህት ናት። እንኳን አደረሳችሁ ብላ በጣም በትህትና ነው የጻፈችው፣ እሱ በሌለበት ሰው ማስመጣቱን እንዳላስበው መከረችኝ። እሷ አንድ ጊዜ ባሏ ፊልድ በወጣበት ሳሎኑን ቀለም ቀቢ አምጥታ አስቀብታ፣ ሰውዬው ሲመለስ ምንም ሳይናገር በቀጣዩ እሁድ ሮለሩን አንስቶ ያንኑ ግድግዳ በዛው ቀለም እንደገና ቀባው። ቀለሙ ምንም ለውጥ አልነበረውም። እስካሁን ሳሎኑን ማን ቀባው ሲባል እኔ ነው የሚለው፣ እሷም አትከራከረውም።

2ኛ። ይሄኛው በሁለት መስመር ነው የጨረሰው። በያጅ ጥሪ፣ ጊዜ ገንዘብ ነው፣ የባል ኩራት በር አይዘጋም ነው ሐሳቡ።

3ኛ። አንዲት እህት ከ1ኛዋ ጋር ተስማምታ የራሷን አጫወተችን። የሷ ባል አምፖል ለመቀየር ወንድሙን ከሳሪስ ድረስ ይጠራል። ወንድሙ መጥቶ ምሳ በልቶ ቡና ጠጥቶ አምፖሉን ቀይሮ ይሄዳል። ስለዚህ ያለኝን ነገር እንዳውቅበት ነገረችኝ፣ እውነቷን ነው።

4ኛ። ሐዋሳ ያለ አናጢ ነው፣ ከሁሉ በፊት ወደ ሥራው የገባው እሱ ነው። እጀታውን መገልበጡ መጥፎ ሐሳብ እንዳልነበረ፣ ብዙ ውሻ ላይ እንደሚሠራ፣ ረዥም አፍንጫና ትዕግስት ላለው ውሻ ግን እንደማይበቃ አስረዳኝ። ሁለት መንገድ ነው ያለው፣ አንዱ እጀታውን አውጥቶ ክብ እጀታ መግጠም፣ ምክንያቱም መዳፍም አፍንጫም ክብ ነገር ጨብጦ ማዞር አይችልም፣ ሁለተኛው ከደረት በላይ ተንሸራታች መቀርቀሪያ ማድረግ። ደግሞ በሩ ወደ ውስጥ መከፈቱ ራሱ ለውሻ ድግስ ነው፣ ቁልፉ ከተላቀቀ የቀረውን ክብደቱ ይጨርስለታል፣ ወደ ውጭ የሚከፈት ቢሆን መሳብ ስለሚኖርበት ይቸግረው ነበር። በዚህ ሁሉ ውስጥ ስለ ባለቤቴ አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም፣ እንዲያውም የምጣድ ሽቦ በራሱ ስለሚቀይር አድንቆታል። ለዚህ ሰው ምስጋናዬ ከልብ ነው።

5ኛና 6ኛ። ሳቁ ብቻ። 6ኛው የተበላው እንቁላል ተልጦ ነበር ወይስ ከነልጣጩ ብሎ ጠየቀ፣ የዶሮ ወጥ እንቁላል ከነልጣጩ የሚገባበት ቤት ካለ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።

7ኛ። የእንስሳት ሐኪም ናት፣ እዚህ ጋ ጨዋታው ቆመ። ከፋሲካው ታሪክ ውስጥ እሷ ያየችው እኛ ያላየነውን ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ ስንጥር ሹል ስለሚሆን ጉሮሮም አንጀትም ሊወጋ ይችላል። ከዛ ይልቅ ያሳሰባት ሽንኩርቱ ነው። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰባብራል፣ ጥሬውም የበሰለውም ያው ነው፣ የዶሮ ወጥ ቁሌት ማለት ደግሞ ሌላ ምን አለው ሽንኩርት ነው። ክፋቱ ምልክቱ የዛኑ ቀን አይታይም፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ነው ድካም፣ የድድ መገርጣት፣ የሽንት መጥቆር የሚመጣው። ለምን ወዲያው ሐኪም ጋ አልወሰድሻቸውም ብላ ጠንከር አድርጋ ተናገረችኝ፣ እውነትም ስለሆነ ተቀበልኩ።

8ኛው የኔ ነው፣ ሮኪ ያን ቀን አንዴ አስመልሶት ውሃ ብዙ ጠጥቶ እንደነበረና ከዛ በኋላ ሁለቱም ደህና እንደሆኑ ጻፍኩላት። 9ኛ ላይ ድዳቸውን ገልጬ ቀለሙን እንዳይ አዘዘችኝ። የቡቺን ማየት ቀላል ነው፣ ሮኪ ግን አፉን ስትይዘው ጨዋታ ስለሚመስለው ባለቤቴ ከኋላ አቅፎት እኔ በባትሪ አየሁ፣ ሮዝ ነው፣ እጄንም በደንብ አልሶታል። ነገርኳት፣ ደስ አላት። የእብደት ክትባታቸውንም ጠየቀችኝ፣ በየዓመቱ እናስከትባለን።

10ኛ። አንድ ልጅ የእሱ ውሻ ቡችላ እያለ አንዴ ስለተከተበ ይበቃው እንደሆነ ጠየቀ። ሐኪሟ እንደማይበቃው ነገረችው፣ በ3 ወር ይጀመራል፣ ከዛ በየዓመቱ። ለሰውም ጨመረችበት፣ የማያውቁት ውሻ ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብና ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም መሄድ፣ ምክንያቱም የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ሌላ ሰው ገብቶ የአዲስ አበባ ሰው እስካሁን ሰፈሩን ፓስተር የሚለው በሉዊ ፓስተር ስም መሆኑን፣ ሰውየው የእብደት ክትባትን መጀመሪያ ለሰው የሰጠው በ1885 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስታወሰን። በዛ ሰፈር ስንቴ በታክሲ አልፌያለሁ፣ አስቤው አላውቅም።

11ኛ። ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ዶሮ ዞረ። አንድ ወንድም ውሻውንም በሩንም ትቶ ፈረሰኛው ከሌለ ያ ፋሲካ ለአባወራው እንዳልተበላ ይቆጠራል የሚል ነገር ጻፈ።

12ኛ። አንዲት እህት ተነሳችበት። ሽንኩርቱን ስትከትፍ ያለቀሰችው፣ ዶሮውን በሎሚና በጨው ስታጥብ የዋለችው፣ ቁሌቱ እንዳያር እኩለ ሌሊት ድረስ ስታማስል የቆየችው ሴትዮ ክንፍ እየደረሳት ፈረሰኛ ለወንዱ የሚሰጥበት ሕግ የት እንደተጻፈ ጠየቀችው።

13ኛ። የጎንደር አባት ናቸው፣ አጻጻፋቸው እርጋታ አለው። በእሳቸው ልጅነት ፈረሰኛ ለአባት መሆኑን፣ እንግዳ ካለ ግን አባትየው ራሳቸው አንስተው ለእንግዳው እንደሚያጎርሱ፣ ልጆች መላላጫና ክንፍ ላይ እንደሚጣሉ አወሩን። እናታቸው ግን ምን እንደበሉ አንድም ቀን ልብ ብለው እንዳላዩ፣ ይሄን ሲጽፉ ገና እንዳስታወሱት ጨመሩ። አንብቤ ቆየሁበት።

14ኛና 15ኛ። ጠብ። አንዱ 12ኛዋን በዶሮ ድስት ውስጥ ፖለቲካ አመጣሽ አላት፣ እሷም የሚገባውን መለሰችለት፣ እዚህ አልደግመውም። የኔን ቤት ካላችሁ እኔና ባለቤቴ ፈረሰኛውን ሁሌም ለሁለት ነው የምንካፈለው፣ እሱ ነው ከተጋባን ጀምሮ ቆርሶ የሚያጎርሰኝ። ስለዚህ ሮኪ የበላው የሁለታችንን ነው።

16ኛ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ ያለች እህት ገባች። ሮኪ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ሥራ ፈት ሆኖ እንደሆነ፣ እረኛ ውሻ በዘሩ ቀኑን ሙሉ መንጋ ሲያባርር እንዲውል የተፈጠረ ስለሆነ ግቢ ውስጥ ሲታሰር ጭንቅላቱን በር መክፈት ላይ እንደሚያውለው አስረዳች። ጠዋትና ማታ አስሩጡት፣ ምግቡን ደብቃችሁ እያሸተተ ይፈልገው፣ ነው ምክሯ። ጥሩ ምክር ነው፣ ባለቤቴ በማግስቱ በ12 ሰዓት ይዞት ወጣ፣ ማን ማንን እንዳስሮጠ ባላውቅም ሁለቱም ምላሳቸውን አውጥተው ነው የተመለሱት። እህታችን ግን የራሷ ውሻ አልጋ ላይ አብሯት እንደሚተኛና ለክረምት ሹራብ እንዳለው ጨመረችበት።

17ኛ። እዚህች ጋ አንዱ በጣም ከረር አለባት፣ እዚህ ሰው በልቶ ማደር አቅቶት ስለ ውሻ ሹራብ ታወሪያለሽ አላት። 18ኛ ላይ እሷ ተከፍታ መለሰች፣ በየወሩ ለእናቷ ብር እንደምትልክ፣ ከሁለት ፈረቃ ሥራ ስትመለስ በር ላይ የሚቀበላት ያ ውሻ ብቻ እንደሆነ ነገረችው። ሰውዬው ሌላ ነገር አልጻፈም። እኔም በዚህ ውይይት ሰው ሲናቅ ማየት እንደማልፈልግ ጻፍኩ።

19ኛ። ኔታንያ፣ እስራኤል ያለ ወንድም። እዚያ ውሻ ቺፕ ማስገባትና በየዓመቱ የእብደት ክትባት ማስከተብ በሕግ ግዴታ መሆኑን ነገረን፣ በቺፑ ጠፍቶ የተገኘ ውሻ ባለቤቱ ይታወቃል። የሱ ውሻ አማርኛ ብቻ ነው የሚሰማው፣ በዕብራይስጥ ተቀመጥ ብትለው ዝም ብሎ ያይሃል፣ ምክንያቱም ያሳደጉት አያቱ ናቸው።

20ኛ። አንድ አስተማሪ ነኝ ያሉ ሰው ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ላሜራ እያልኩ መጻፌን ወቀሱ፣ በአማርኛ እንድጽፍ።

21ኛ። ጋራዥ የሚሠራ ልጅ መለሰላቸው፣ ትህትናውም ንዴቱም አብሮ ነው የመጣው። እነዚህን ቃላት ከነሥራው ነው ከጣሊያንኛ የወሰድናቸው፣ ዳዶ፣ ቪቴ፣ ሞርሳ፣ ፌሮ፣ ሊሾ፣ ኮምፔንሳቶ፣ እነዚህን አውጥተህ ጋራዥ ብትገባ የሚያቀብልህ የለም። ካቻቢቴ ራሱ ውስጡ ቪቴ የሚለው አለበት። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ሄደ፣ ካቻቢቴው እዚህ ቀረ፣ አሁን የኛ ነው።

22ኛ። ሌላው ደግሞ ሁሉም በ5 ዓመት አልገባም፣ ኤርትራ በኩል ቀድሞም የመጣ አለ ብሎ አረመው። ይሄን ለባለቤቴ ሳነብለት ሽንት ቤት ቧንቧ ስር ተኝቶ ነበር፣ ተነስቶ ጋላጃንቴንም ጨምሪላቸው አለኝ። ይኸው ጨመርኩ።

23ኛ። አሁን ወደ ዋናው መጣሁ። ማታ 2 ሰዓት ላይ አንድ ኤሌክትሪሻን ገባ፣ ሰላምታ እንኳን የለውም። 22 መልስ ስለ ዶሮ ብልትና ስለ ጣሊያን ስታወሩ ሴትዮዋ መጨረሻ ላይ የጻፈችውን አንድ ሰው አላነበበም ወይ ብሎ ሁላችንንም ተቆጣ። ከዛ ወደኔ ዞሮ ጥያቄ ደረደረ፣ ምጣዱ የኤሌክትሪክ ነው ወይ፣ ኬብሉ በየት በኩል ነው የሚያልፈው፣ በሩም ፍሬሙም ብረት ነው ወይ፣ ማድቤት ስገባ እግሬ ላይ ምን አደርጋለሁ። ውሻው የሚፈራው እንፋሎት ሳይሆን በሩ እየነዘረው እንደሆነ ጠርጥሯል። እኔ ነጠላ ጫማ አድርጌ ስለምገባ ላይሰማኝ ይችላል፣ ውሻ ግን በባዶ መዳፉ፣ ያውም እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ብረት ላይ ነው የሚያሳርፈው። ምጣድ 3 ኪሎ ዋትና ከዛ በላይ የሚስብ ነገር ነው፣ በ220 ቮልት። ተራው ብሬከር ደግሞ እንዲህ ያለውን የኤሌክትሪክ መፍሰስ አያውቀውም፣ መስመሩ ኧርዝ፣ ማለትም የፈሰሰውን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ፣ ከሌለው ዝም ብሎ ይቀጥላል። ብሬከሩን አሁኑኑ እንዳጠፋ፣ ወለሉን ውሃ እንዳላፈስበት፣ በሩን በባዶ እግር ማንም እንዳይነካ አዘዘኝ።

24ኛ። አንዱ አጋንነሃል፣ ውሻ ጩኸትም እንፋሎትም ይፈራል አለው።

25ኛ። አንዲት እናት ለ24ኛው መለሱለት። ለበዓል የገዙትን በግ የቆርቆሮ አጥር ላይ አስረውት፣ የመብራት ሽቦ ቆርቆሮውን ነክቶ ኖሮ ጠዋት ሲነሱ ሞቶ አገኙት። ልጃቸው ሊፈታው ሊሄድ ሲል ነው አያቱ ክንዱን የያዙት። ከዚህ በኋላ ለብዙ ሰዓት ማንም አልጻፈም።

26ኛ የኔ ነው። 23ኛውን ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ። ባለቤቴን ጠራሁት፣ ስልኩን ሰጠሁት፣ ቆሞ አነበበ፣ አንድ ቃል አልተናገረም፣ ቦት ጫማውን አድርጎ ቴስተሩን ይዞ ወጣ። እኔ ባትሪ ይዤ ተከተልኩት። ውሾቹን ዘጋንባቸው። የማድቤቱን መብራት አጠፋ፣ የምጣዱን ብሬከር አበራ፣ የቴስተሩን ጫፍ የበሩ ፍሬም ላይ አሳረፈ። በጨለማው ውስጥ እጁ መሃል ያቺ ትንሽዬ አምፖል ቀይ ሆና በራች።

ወዲያው አጠፋው። ትንፋሹ ይሰማኛል። የጤፍ በርሜሉን ገፋ አድርጎ ኬብሉን ተከተለው፣ ከደፉ ጎን ከፍሬሙ ጋር የሚነካካበት ቦታ ላይ ሽፋኑ ተግጦ መዳቡ ያበራል፣ የጥርስ ቦታው ሁለት ሁለት እየሆነ ግልጽ ብሎ ይታያል። ሮኪ ነው፣ ጥርሱን ሲቀይር ያገኘውን ሁሉ በሚያኝክበት ጊዜ። ብሬከሩን የምናበራው ስንጋግር ብቻ ስለሆነ ሌላ ቀን በሩ ምንም የለውም፣ ለዛ ነው ሌላ ቀን እንደልቡ የሚከፍተው። ያን ኬብል ወለል ላይ የዘረጋው ባለቤቴ ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ኬብሉን እጁ ላይ እያገላበጠ አንቺ ብትሆኚስ አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ያን ሌሊት ሁለታችንም አልተኛንም።

27ኛ። ኤሌክትሪሻኑ ተመለሰ፣ አሁን ድምፁ ሌላ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ጀመረ፣ ባለቤቴም እንዳያፍር፣ ቴስተር ይዞ የወጣ ሰው ሥራውን የሚያከብር ሰው መሆኑን ነገረን። ከዛ አንድ በአንድ፦ ቅጥያ የሌለው አዲስ ኬብል፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ ወለል ላይ ሳይሆን ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ፣ ቢጫና አረንጓዴ የሆነው የኧርዝ መስመር ከምጣዱ ብረትም ከበሩ ፍሬምም ጋር የታሰረ፣ እና በ30 ሚሊ አምፒር መፍሰስ የሚቆርጥ መከላከያ ከብሬከሩ ጋር። ሲያልቅ ፈቃድ ያለው ባለሙያ በመሣሪያ እንዲለካው።

28ኛ። 2ኛው ተመልሶ መጣ፣ ከመጀመሪያው ባለሙያ ጥሪ አላልኩም ወይ ነው ነገሩ።

29ኛ። የባሕር ዳሯ እህት ያ ሁሉ ትህትናዋ የት እንደሄደ አላውቅም፣ አንተ ያልከው በያጅ ነው፣ በያጁ መጥቶ ከዛ በር ጋር መበየጃውን ቢያገናኝ ማን ሊሞት ነበር ብላ አፈጠጠችበት። እኔም ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር።

30ኛ፣ የኔ የመጨረሻው። ለጥያቄዬ መልስ የሰጠው ባለቤቴ ራሱ ነው። በማግስቱ ጠዋት ስልኩን አንስቶ ኤሌክትሪሻን ጠራ፣ በ9 ዓመት የመጀመሪያው። ሰውዬው መጣ፣ ሁለቱ አብረው ዋሉ፣ እሱ ቱቦውን ሲገጥም ባለቤቴ የኧርዙን ዘንግ መሬት ውስጥ ሲመታ፣ እኔ ቡና ሳፈላ፣ ቡቺ ከባለሙያው ቦርሳ ጎን አልነሳ ብላ። ማታ ላይ መከላከያውን ሲሞክሩት ቀጭ ብሎ ቆረጠ፣ ሁለቱም እንደ ልጅ ሳቁ። ክብ እጀታውንም ባለቤቴ ሲመለስ ገዝቶ መጣ፣ 4ኛው እንዳለው።

ትናንት ቅዳሜ እንጀራ ጋገርኩ። እጀታው ገና አልተገጠመም። ምጣዱን ለኩሼ የመጀመሪያዋን አውጥቼ ሰፌድ ላይ እንዳደረግኳት በሩ ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ፣ እጀታው ከስር ተነሳ፣ ከዛ ረዥም አፍንጫ፣ ከዛ ጆሮ፣ ሮኪ ትከሻውን ፍሬሙ ላይ አሻሽቶ ገባ። አልጮኸም። ቡቺ በእግሮቹ መሃል ሾልካ ቀደመችው። ባለቤቴ ሮቶው ላይ ሆኖ አይቶት ኖሮ ከመሰላሉ ዘሎ ወርዶ መጣ፣ እኔ ሊያባርራቸው መስሎኝ ነበር፣ እሱ ግን ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ እጁን ፍሬሙ ላይ አድርጎ ሮኪን አንገቱን አቀፈው። እንጀራዋን እዚያው ለሦስት ተካፈሏት። ክቡ እጀታ እስካሁን ከነካርቶኑ ፍሪጅ ላይ ነው ያለው።